በቀትር የተነገረኝ መርዶ

የወሰዱኝ ከክፍል ነው። ዘጠነኛ «ለ»ን ስለ ፍጥነት እያስተማርኩ ነበር። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ «መምህር፣ አንዴ ላናግርህ» አለኝ። ሲያናግረኝ ዓይኑ እኔ ላይ ሳይሆን ሰሌዳው ላይ ነበር። ከኋላው ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። እጄ ላይ የቀረውን ጠመኔ ሱሪዬ ላይ ስጠርግ አንደኛው «ቀስ በል፣ አትቸኩል» አለኝ። እኔ ግን አልቸኮልኩም ነበር።

ጣቢያው ሞልቶ ስለነበር ያስገቡን ከሸዋ ሮቢት ዳር ያለ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ሠላሳ ያህል እንሆናለን፤ እኔ በምን እንደተያዝኩ የነገረኝ አልነበረም። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ግድግዳው ሥር ከድሮ የቀረ የማሾ ፍሬ ተበትኖ ነበር፤ ስንተኛ ጎናችንን ይቆረቁረናል። ጠዋት ጠዋት ይሻላል። ከአራት ሰዓት በኋላ ግን ጣራው መንጣጣት ይጀምርና ሰው ሁሉ ሸሚዙን አውልቆ ዝም ይላል። ወሬ እንኳን የሚወራው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ተመድቤ ስመጣ ከአንድ ዓመት በላይ የምቆይ አልመሰለኝም ነበር። ሦስት ዓመት የቆየሁት በእሷ ምክንያት ነው። እሷም እንደ እኔ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ከተማው «ሲስተር» ይላታል። ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ወደ ወንዙ እንወርዳለን፤ ስንመለስ አንድ ፓፓያ ገዝተን ለሁለት እንበላለን። ስለ ወደፊት ብዙም አናወራም ነበር። ጊዜ ያለን ይመስለን ነበር።

እናቴ አዲስ አበባ ነበረች። አባቴን አላውቀውም፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ልብስ ስትተኩስ ኖራለች። እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። ደም ግፊት ነበረባት፤ ስለ መድኃኒቷ ስጠይቃት ሁልጊዜ «ወስጃለሁ» ትላለች፤ አትወስድም።

በታሰርኩ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ልክ በቀትር፣ ስሜ ተጠራ።

መርማሪው ወንበር ሰጠኝ። የታሸገ ውሃ ከፍቶ ፊቴ አስቀመጠልኝ። ማራገቢያውንም ወደ እኔ አዞረው። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ፊቴን ነፋስ ሲነካኝ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ደስ እንዳለኝ አስታውሳለሁ።

«መምህር፣ እናትህ ታማ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ደም ግፊት አለባት።»

«አርፋለች። ቀብሯ ነገ ስድስት ሰዓት ነው አሉ።»

የሰማሁት አልመሰለኝም። ማራገቢያው ወረቀቶቹን ያንቀሳቅሳል፤ እሱ በእጁ ይዟቸዋል።

«ማን ነገራችሁ?»

«አክስትህ ትምህርት ቤት ደውለው ነው። ያቺ ሲስተር ጠዋት በር ላይ መጥታ ስታለቅስ ነበር። ለቀብር ይለቀቅ እያለች።» በእጁ ከያዛቸው ወረቀቶች አንዱን ወደ እኔ ገፋው። «እኛም ልንለቅህ እንፈልጋለን። ይህችን አንብብና ፈርም። አሁኑኑ ትወጣለህ፤ መኪና እኛው እንፈልግልሃለን። ሳይመሽ አዲስ አበባ ትገባለህ።»

በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ ጽሕፈቱ ያምራል። ሲስተር ከጤና ጣቢያው ፋሻና መድኃኒት እያወጣች ቤቷ ውስጥ ታጣቂዎችን ስታክም በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም ተጽፎ ቦታው ክፍት ነው።

«ሳልፈርም፣ ፖሊስ አጅቦኝ ለቀብሩ ብቻ ብሄድስ?»

«እሱ ከእኔ ሥልጣን በላይ ነው።»

በዚያች ሰዓት እናቴን አሰብኩ ብል ውሸት ይሆናል። ያሰብኩት ርቀቱን ነው። ደብረ ሲናን፣ ዳገቱን፣ መኪና የሚያልፍበትን ዋሻ፣ ደብረ ብርሃንን። በስንት ሰዓት የት እንደምደርስ ቆጠርኩ። ሰፈራችን ስደርስ ድንኳኑ በየት በኩል እንደሚተከል ሁሉ ታየኝ። ከዚያ ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለው ላይ ቆምኩ።

«አላየሁም» አልኩት።

«ምኑን?»

«እዚህ የተጻፈውን።»

አልዋሸሁም። አላየሁም። ራሷ ነግራኝ ነበር እንጂ። አንድ ቀን ከወንዙ ስንመለስ «የሚደማ ሰው በሬን ሲያንኳኳ ከየት መጣህ አልለውም» ብላኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አላነሳነውም።

መርማሪው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። «እናትህ ናት እኮ» አለኝ። አልተቆጣም፤ የገረመው ይመስል ነበር።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ውሃውን እንኳን አልጠጣሁትም። ሲመልሱኝ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

መጋዘኑ ውስጥ ከበሩ በስተግራ የሚቀመጡ አንድ የቀወት ወረዳ ገበሬ ነበሩ። ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል። የተያዙት በልጃቸው ምክንያት ነው፤ ልጁ ሲጠፋ እሳቸውን አመጧቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ገብቼ ስቀመጥ ፊቴን አይተው አጠገቤ መጡ።

«ምን አሉህ ልጄ?»

«እናቴ ሞታለች አሉኝ፣ ጋሼ።»

«ማን ነው ያለህ?»

«መርማሪው።»

«አሁን? በዚህ ቀትር?»

«አዎ።»

«ሰው አጠገብህ ሳይኖር?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጫኑ። ከዚያ በዝግታ «ይሄ መርዶ አይደለም» አሉ፤ እንደዚያ ሲቆጡ ሰምቻቸው አላውቅም። «ከብት እንኳን ሲሞት እንዲህ አይነገርም። እኔ አልሰማሁም፣ አንተም አልሰማህም። ነገ ጎህ ሲቀድ በወጉ ይነገርሃል። እስከዚያ እናትህ በሕይወት አሉ።»

እኔም እሺ አልኳቸው። ዛሬ ሳስበው ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ደክሞኝ ነበር። ሰው ደክሞት ሳለ ጋደም በል ሲባል እንደሚጋደም ነው እሺ ያልኩት። ማታ ዳቦ በላሁ። ጀውሃ ከተማ መንገድ ዳር ምግብ ቤት የነበረው አንድ ሙስሊም ሰውዬ ከሻዩ አካፈለኝ፤ ሻዩን እየቀዳ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ሁሉም ሰምተዋል። ሁሉም እንዳልሰሙ ሆነዋል። ለእናቴ አንዲት ሌሊት ተጨመረላት።

ጎህ ሲቀድ ጋሼ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ቀና ስል ሰዎቹ በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። ጋቢ ያለው ጋቢውን፣ ነጠላ ያለው ነጠላውን ለብሷል። የሌላቸው ያወለቁትን ሸሚዝ መልሰው ለብሰው እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። የጀውሃው ሰው የሱብሂ ሶላቱን ሰግዶ መጥቶ ከኋላዬ ተቀምጧል፤ እወድቃለሁ ብሎ ፈርቶ ይመስለኛል። አንዱ ለመጠጥ ካጠራቀመው ውሃ በጣሳ ይዞልኝ ፊቴን ታጠብኩ።

«ልጄ» አሉ ጋሼ። «ከአዲስ አበባ ሰው መጥቶ ነበር።»

ማንም አልመጣም። ግን መርዶ የሚጀመረው እንደዚያ ነው።

«እናትህ ታመው ነበር። ታከሙ፣ ጠበል ተጠመቁ፣ ሰውም አልተለያቸውም። ቀናቸው ሆኖ አረፉ። እኛ አባቶችህ፣ ወንድሞችህ ነን። አለንልህ።»

ያኔ አለቀስኩ። እንዴት እንዳለቀስኩ አልጽፈውም። የጀውሃው ሰው ከኋላ ይዞኝ «ኢና ሊላሂ፣ ሶብር አድርግ ወንድሜ፣ ሶብር» ይለኛል። ሌሎቹም አለቀሱ። እናቴን ብለው አልመሰለኝም፤ እያንዳንዱ የራሱን ነው ያለቀሰው።

በሩ በኃይል ተከፈተ። ዘበኛው ዱላውን ይዞ «ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«ለቅሶ ነው» አሉ ጋሼ። አልተነሱም።

«መሰብሰብ ክልክል መሆኑን አታውቁም?»

«እናውቃለን። ይሄ ግን ለቅሶ ነው።»

ዘበኛው ዓይኑን ዞር ዞር አደረገና እኔ ላይ አሳረፈው። «ድምፅ ቀንሱ» አለ። ሲወጣ «እግዜር ያጥናህ» የሚል ነገር ያጉተመተመ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ቀኑን ሙሉ ተቀመጥን። የጀውሃው ሰው «ለቅሶ መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት፤ እኛማ ቀድመን ተቀምጠናል» ብሎ አሳቀን። እናትህ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ አሉኝ። ነገርኳቸው። የሸሚዝ ኮሌታ አይታ የባለቤቱን ጠባይ እናገራለሁ ትል እንደነበር፣ የሆቴሉን እንግዶች ሳታያቸው ስታማቸው እንደምትውል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋሼ ተነስተው ቆሙ። ሁሉም ቆመ። የቀብሩ ሰዓት ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ተቀመጡ» አሉ፤ ተቀመጥን።

ሲስተር በዚያን ቀን ምግብ አላመጣችም። በማግስቱም አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አጓድላ አታውቅም ነበር። መጀመሪያ አሟት ይሆናል አልኩ። በኋላ ፈራች አልኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፦ እኔ የእናቴን ቀብር ትቼላት እሷ አንድ ሳህን ሽሮ ይዛ መምጣት አቃታት።

በአራተኛው ቀን መጣች። በሽቦው አጥር ወዲህና ወዲያ ቆመን ተያየን። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

«እግዜር ያጥናህ» አለችኝ።

«አሜን።»

«ሰሞኑን ሥራ ይዞኝ ነው።»

«ገባኝ» አልኳት። ሳህኑን ተቀብዬ ፊቴን አዞርኩ።

ከአራት ወር በኋላ ክስ ሳይመሰረትብኝ ተለቀቅሁ። ጋሼ ከእኔ ቀድመው ወጥተው ነበር። እሷ እስከ መጨረሻው ቀን ስንቅ ስታመላልስ ቆየች፤ ስወጣም በር ላይ ነበረች። እንደገና ወደ ወንዙ ወረድን፤ ነገር ግን እንደ ድሮው አልሆነም። አንድ ማታ «ለሌሎች ፈቅደው የለ እንዴ፤ አንተን ለቀብር እንኳን ለምን ከለከሉህ?» አለችኝ።

«አልፈቀዱም» አልኳት።

ስለ ወረቀቱ ልነግራት ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ከነገርኳት ዕድሜዋን ሙሉ የምትሸከመው ውለታ ይሆንባታል። እኔም በተጣላን ቁጥር ቀብሩን እያነሳሁ የምጥልባት ሰው እንዳልሆን ፈራሁ። በዚያ ላይ ያልመጣችባቸው ሦስት ቀናት ሆዴ ውስጥ ነበሩ። ሳንጣላ፣ ሳንሰነባበት፣ እኔ አዲስ አበባ ገባሁ፤ እሷ ተዛውራ ደብረ ብርሃን ሄደች። ስልኩ መጀመሪያ በሳምንት፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ በዓል ሲሆን ብቻ ሆነ።

አሁን የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ። የእናቴ ሰፈር ፈርሶ መንገድ ሆኗል፤ ድንኳኗ የተተከለበት ቦታ ላይ ዛሬ መኪና ያልፋል። ጎረቤቶቿ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። አንዳንዴ በዚያ መንገድ ስናልፍ ቤታችን የት ጋ እንደነበር ለመለየት እሞክራለሁ። ታክሲው ይፈጥናል።

ዘንድሮ ሙት ዓመቷን አክስቴ ቤት አሰብን። አክስቴ ሳህን እያነሳች «ያቺ ልጅ ደህና ናት?» አለችኝ።

«የቷ?»

«ያቺ ቀጭኗ፣ ለቀብሩ ከሸዋ ሮቢት የመጣችው። ከልጃቸው ዘንድ ነው የመጣሁት አለች እንጂ ማን እንደሆነች አልተናገረችም። አውቶቡስ ስላልነበረ በጭነት መኪና ነው የመጣችው። እስከ ሠልስት ውሃ ስትቀዳ፣ ዕቃ ስታጥብ ቆይታ ሄደች። አንተ የላክሃት መስሎን ነበር።»

ደረጃው ላይ ወጥቼ ለሲስተር ደወልኩላት። እሑድ አመሻሽ ላይ ነበር። አግብታለች፤ ልጅ ወልዳለች፤ ይህን አውቃለሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። «አንተ ታስረህ፣ እኔ እናትህን ቀብሬልህ መጣሁ ልበልህ?» አለች። «እንዴት ተብሎ ይነገራል?»

የወረቀቱ ነገር አፌ ላይ ደረሰ። ከውስጥ የልጇ ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ወንድ ያባብለዋል። ዋጥኩት።

«ቀኑ እንዴት ነበር? ንገሪኝ» አልኳት።

«ከየት ልጀምርልህ?»

«ከጠዋቱ።»

ነገረችኝ። ደመና እንደነበር፣ ካህናቱ እንደዘገዩ፣ የሆቴሉ ሠራተኞች የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ እንደመጡ፣ አንዲት አሮጊት እኔን በስሜ እየጠሩ እንዳለቀሱ። ሳጥኑን ማን ማን እንደያዘ። አፈሩ ቀይ እንደነበር። አላቋረጥኳትም። ስትጨርስ «ይኸው ነው» አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት።

ስልኩን ከዘጋች በኋላም ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ በዓይኔ አየው ነበር። አለመፈረሜ እሷን አድኗት እንደሆነም አላውቅም፤ ምናልባት ወረቀቱን ሌላ ሰው ፈርሞት፣ ማንም ሳያነበው መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ማወቅም አልፈልግም። አክስቴ ራት ቀርቧል ብላ ጠራችኝ፤ ገብቼ በላሁ። በማግስቱ ሰኞ ነበር፤ በጠዋት ተነስቼ ሥራ ገባሁ።