በሁለት ጫፉ የተሰካው ኬብል

ክልሉ ከተቋቋመ ብዙም ሳይቆይ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ባሮ ወንዝ አጠገብ፣ በአንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ዘጠኝ ኮምፒዩተሮች ነበሩን። በኬብል አገናኝቼ አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲያይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በዚህም ትንሽ እኮራ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽም አይደለም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ጣሪያው በአንድ በኩል ማፍሰስ ጀመረና ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዛወርን። በእኛ ቢሮ ቦታ መቀየር ማለት ጓዝ ጠቅልሎ ቤት መልቀቅ ነው። ሁሉም የፈረመበትን ወንበር፣ ኮምፒዩተር፣ ኬብሉን ሳይቀር ተሸክሞ ይሄዳል፤ ንብረት ክፍል የሚያውቀው የፈረመውን ሰው ብቻ ነውና።

በማግስቱ ጠዋት ኔትወርኩ የለም። ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ይበራሉ፣ አንዱ ግን ሌላውን አያየውም።

አዲስ የተቀጠረች ጸሐፊ ነበረችን፤ የኢታንግ ልጅ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የተማረች። የሙከራ ጊዜዋ የሚያበቃው በዚያው ሳምንት ዓርብ ነው። ቋሚ ትሁን ወይስ ትሰናበት የሚለውን የሚወስነው ደግሞ እኔ የምሞላው ፎርም ነው። መጨረሻ ላይ የተዛወረችው እሷ ስለነበረች ሳልመረምር ፈረድኩባት። በንዴት ፎርሙን አውጥቼ «ጥንቃቄ ይጎድላታል» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩ።

ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ሙቀት ጠረጴዛ ሥር ስድህ ዋልኩ። የኬብል ጫፍ ቆርጬ እንደገና ሠራሁ፣ ኮምፒዩተሮቹን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ውሃ ያቀረበችልኝ እሷው ነበረች፤ አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሌላ መላ ሲጠፋኝ ኬብሎቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ሳጥን ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ አየሁት። መብራቶቹ ሁሉ አንድ ላይ፣ ፋታ በሌለው ፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላሉ። ኬብሎቹን አንድ በአንድ እነቅል ጀመር። ሰባተኛውን ስነቅል መብራቶቹ ረጋ አሉ፤ ከኋላዬ አንዱ «መጣ፣ መጣ» አለ። የነቀልኩትን ኬብል በእጄ እየተከተልኩ ብሄድ ሌላኛው ጫፉ ተመልሶ እዚያው ሳጥን ላይ ተሰክቷል። ከሳጥኑ የወጣው መልእክት ወደ ሳጥኑ እየተመለሰ ሲዞር፣ መንገዱን በሙሉ ዘግቶት ከርሟል።

«ይሄን ማነው የሰካው?» አልኩ ጮክ ብዬ።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። እሷ ግን ከወንበሯ ተነሳች።

«እኔ ነኝ፣ ወንድሜ። አዲሱ ቦታ ቀድሞ የተዘረጋ ሌላ ኬብል አለው። ይሄ ተረፈኝ፣ ግን ፈርሜበታለሁ፤ እንዳይጠፋብኝ ሁለቱንም ጫፉን ሰካሁት። ‹መሬት የወደቀ ኬብል እንዳላይ፣ ክፍት ቀዳዳ ፈልጉና ሰኩት› ያልከው አንተ ነህ።»

ብያለሁ። አንድ ኬብል በወንበር እግር ተረግጦ የተበላሸ ቀን ሰውን ሁሉ ሰብስቤ ተቆጥቻለሁ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የኬብል መሰኪያ ቀዳዳ ማለቴ ነበር፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«ግራ አልገባሽም?» አልኳት።

«ግራማ ገብቶኝ ነበር። ግን ሙከራ ላይ ያለ ሰው አለቃውን አይጠይቅም» አለች።

አፈርኩ። ሁለት ቀን ጠረጴዛ ሥር የፈለግሁት የገዛ ትእዛዜን ኖሯል። ፎርሙን ቀድጄ አዲስ ሞላሁና ዓርብ ጠዋት ለኃላፊያችን ይዤ ገባሁ። የኬብሉ ወሬ ደርሶት ስለነበር ፎርሙን ሳያነብ «ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«የእኔ ነው» አልኩ። በዚያ ቢሮ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ኃላፊያችን እስክሪብቶውን አነሳ። «እንግዲያው የአንተን ፎርም ማን ይሙላው?» አለና ስቆ ፈረመ።

ሰኞ ዕለት የቋሚነት ደብዳቤዋን ተቀብላ ቀጥታ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«አሁን ቋሚ ነኝ» አለችኝ። «ስትሳሳት ልንገርህ?»

«ንገሪኝ» አልኳት።

እስከ ምሳ ሰዓት ሁለቴ ነገረችኝ።