ቢጫ የመሰላት ጥጥ

እናትዓለም ጥጡን በግራ እጇ ይዛ በቀኟ እንዝርቱን ታሾራለች። ክሩ ከጣቶቿ መካከል ተስቦ ይረዝማል፤ ታጠነጥነዋለች፤ ደግሞ ትስባለች። የምትፈትለው ለጎረቤቷ ለሙሉነሽ ጋቢ ነው። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር፣ በአንድ አጥር ሁለት በር ሆነው ልጆቻቸውን አሳድገዋል፤ የአንዷ ጨው ሲያልቅ ከሌላዋ ነው የሚቆነጠረው።

ዛሬ ግን ጥጡ ዓይኗን አልሞላውም። ወደ ብርሃን ብታወጣውም ያው ቢጫ ነው። ባለጥጡ መልካሙ በደጅ ሲያልፍ ያዘችው።

«አንተ፣ ከርሞ ያረጀ ጥጥ ለእኔ ነው የምትሸጠው?»

«እትየ፣ እንደ ወተት ነጭ ነው እኮ!»

«የየትኛዋ ላም ወተት ነው? ታወርሽ ልትለኝ ነው?»

መልካሙ እየሳቀ አለፈ። ጥጡስ ነጭ ነበር።

እናትዓለም ልቧን ትታመማለች። ምቷን የሚያረጋጋ ኪኒን ጠዋት ጠዋት ትውጣለች፤ ዘጌ ተሻግራ ኪዳነ ምሕረትን እስክትሳለም ድረስ ተሽሏት ነበር። ጥጡ ቢጫ ከመሆኑ ጥቂት ቀደም ብሎ ሳል ያዛትና ሙሉነሽ ሙዳይዋን ይዛ ልትጠይቃት መጣች። በሰፈራቸው የተረፈ መድኃኒት አይጣልም፤ እንደ ዘር ተቀምጦ ለታመመ ይታደላል። ባዶ እጅ መጠየቅ ነውር ነው።

«ልጄ ይትባረክ እግሩ ሲቆስል የታዘዘለት ነው» አለች ካፕሱሉን እያወጣች። «እሱ ሲሻለው ተወው። አንቺ ጨርሺው።»

«ከልቤ ኪኒን ጋር አይጣላም?»

«ኧረ ተይ! ሁለቱም መድኃኒት አይደሉ? ወንድማማች ናቸው።»

ተሳሳቁ። እናትዓለም እስኪያልቅ ዋጠችው። ሳሉ ጠፋ። ከዚያ ምግብ አስጠላት፣ አስመለሳት፣ ጥጡ ቢጫ ሆነባት። ሙሉነሽ «የወፍ በሽታ ነው» ብላ ጸበል አመጣችላት። እንዝርቱ ከእጇ አምልጦ፣ እሷም አጠገቡ የወደቀች ዕለት፣ ልጇ ማህሌት በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሰቻት። ነፍሷ በቋፍ ላይ ነበረች።

ስትነቃ ዶክተር ዜማ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«እማማ፣ የምንውጠውን መድኃኒት ብዙውን ጉበታችን ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ይሰባብሩታል። የእርስዎን የልብ ኪኒን ግን ጉበት ብዙም አይነካውም፤ ኩላሊት ነው የሚያስወጣው። የአንዳንድ ሰው አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ ኪኒኑ ወደ ደም ሳይገባ ከፊሉን ያከሽፉታል። እርስዎም እንደዚያ ሳይሆኑ አይቀሩም። ካፕሱሉ እነዚያን ባክቴሪያዎች ሲገድል የእነሱ ድርሻ ሁሉ ለእርስዎ ተረፈ፤ የለመዱት ኪኒን በዛብዎት። ልጅዎ የነገረችኝን ጥጥ በዓይንዎ ቢጫ ያደረገውም የኪኒኑ መብዛት ነው።»

«ሆዴ ውስጥ ቀማሾች ነበሩኝ በይኛ፣ ልጄ! እኔው ገደልኋቸው።»

ከሐኪም ቤት ስትወጣ ይህን ቀልድ ለጠየቃት ሁሉ አወራችው። ቀልዱ ግን ከአፏ ወጥቶ ከሙሉነሽ ካፕሱል ወሬ ጋር በሰፈሩ ዞረ፤ ሲዞርም ጥርስ አወጣ።

የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ዕለት ሙሉነሽ ጠላ ልትቀዳ ተነሣች። አንዲት ሴት ጽዋዋን በእጇ ከደነችና «ቀማሽ ሳይቀምስልንማ ከሙሉነሽ እጅ አንጠጣም!» አለች። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እናትዓለምም ሳቀች። አስባው አይደለም፤ የገዛ ቀልዷ ሆኖባት አመለጣት። ቀና ስትል ግን ሙሉነሽ የምታየው ሌላውን ሁሉ ትታ እሷን ነበር።

ሙሉነሽ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ወጣች። በሳምንቱ ሳትሰናበት መራዊ ከተማ ከሚኖር ልጇ ዘንድ ገባች። እናትዓለም መልእክት ብትልክባት «ደህና ነኝ በሏት» ብቻ አለች። እንግዲህ የእናትዓለም ጨው ሲያልቅ ሱቅ ነው የሚላከው።

ጋቢው ተሸምኖ መጥቷል። በሕመሟ ሰሞን የፈተለችው ክር ወፈር፣ ጎርበጥ ይላል፤ በእጅ ሲዳሰስ ይለያል። ነጭ ነው።

እናንተ ሆይ፣ በሽተኛ ስትጠይቁ ሌላ ምን እንደሚውጥ ሐኪሙ ሳያውቅ ከሙዳያችሁ አታውጡለት። መራዊ ገበያ የወጣችሁ ደግሞ ሙሉነሽ የምትባል፣ ቀና ብላ የማትሄድ ሴት ካገኛችሁ፣ «ጋቢሽ ተሠርቷል፤ እናትዓለም የሳቀችው በአንቺ አይደለም» በሏት።