ስድስት ቁጥር በር ላይ የጠራሁት ስም

ባለፈው ሳምንት የአከራዬ የስድስት ዓመት ልጅ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የአያት የቅድመ አያቶቿን ስም ደረደረችልኝ። አሥራ አንድ ደረሰች። እኔ ከአያቴ በላይ እንደማላውቅ ስነግራት ከልቧ አዘነችልኝ። ጅግጅጋ ውስጥ የሶማሌ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ትውልዱን ይቆጥራል። ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ ያስከፈለውም እኔን ሳይሆን ሌላ ሰውን ነው።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ ጀማሪ ነርስ ነበርኩ፤ ሁሉንም በሥርዓት ካልሠራሁ የምል። የኮሮና ጭንብል ገና ከፊታችን አልወረደም። በጤና ጣቢያው የተመደብኩበት ስድስት ቁጥር የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ሰሞን አዲስ ነገር መጥቶ ነበር፤ ቫይረሱ የሌለባት ሴት እንዳይዛት በየቀኑ የምትውጠው ክኒን። የሚሰጠው ግን እዚያው ክፍል ነበር።

ስሟን ሆዳን ልበለው። የግመል ወተት ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ባሏ የደገሀቡር መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ራሱ ነግሯታል፤ መንገድ ሲበዛበት ግን መድኃኒቱን ያቋርጣል። እሷ ተመርምራ ነጻ ነች።

«አባዮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ባሌን እወደዋለሁ። መለየት አልፈልግም፣ መታመምም አልፈልግም።»

ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት ኩላሊት ስለሚታይ፣ የምርመራዋ ውጤት እስኪደርስ ለሐሙስ ቀጠርኳት። ባሏ በሳምንቱ መጨረሻ ይገባል።

ሐሙስ ኮሪደሩ ሞልቷል። ውጭ የበጋው ነፋስ አቧራውን ያነሳል፤ ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ሆዳን ፊቷን በኒቃብ ሸፍና ጥግ ይዛለች። ያን ቀን በስሟ የሚጠሩ ብዙ ሴቶች ስለነበሩ ካርዱን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩና እንዳይሳሳት ብዬ የራሷን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም ጠራሁ። ሙሉውን እዚህ አልደግመውም፤ አንዴ መጥራቴ ይበቃል።

የሰው ሁሉ ፊት ዞረ። አንድ ሽርጥ የለበሱ ሽማግሌ አጠገባቸው ያለውን ሰው አንድ ነገር ጠየቁት፤ እሱም መለሰላቸው። እኔ ያልሰማች መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ሆዳን ቀስ ብላ ተነሳችና ወደ መውጫው ሄደች።

«ፊቷን ሸፍናልሽ ነበር» አለኝ ፋርማሲስታችን፣ የከተማው ልጅ። «አንቺ በሦስት ስም የአባቷን ቤት አሳየሻቸው።»

በማግስቱ ክኒኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሻይ ቤቷ ሄድኩ። ሻዩን ቀዳችልኝ። ጎንበስ ብዬ ልሰጣት ስል «እኔና አንቺ አንተዋወቅም» አለችኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረች። አፈርኩ። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ከስምንት ወር በኋላ ለምርመራ ራሷ መጣች። ውጤቱ ነጻ ነው። ደስ አለኝ፤ ተገላገልኩ ብል ይሻላል።

«ክኒኑን ከየት አገኘሽ?» አልኳት።

«አላገኘሁም። ፍቺ ጠየቅኩት» አለች። «እምቢ ይለኛል ብዬ ነበር። እሺ አለ።»

ዛሬ የምንጠራው በካርድ ቁጥር ነው፤ ክኒኑም ከእናቶች ክፍል ነው የሚሰጠው። አሠራሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ እያሉ አዲስ ተመዳቢዎች ያመሰግኑኛል። ከየት እንዳመጣሁት ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። ሆዳን አልፎ አልፎ ትመጣለች፤ ሁልጊዜም ነጻ ነች። የቀድሞ ባሏ ሀርሺን ከተማ ሌላ ሴት ማግባቱን ሰምቻለሁ። ባለፈው ወር ከብዙ ዓመት በኋላ ደፈርኩና «ያን ቀን አጥፍቻለሁ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝና ለመርፌው እጇን ዘረጋችልኝ።