የትራክተር ወንበር ውሃ ላይ ሲበር

ዋና አልችልም። አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ምነው ቀድመው ቢነግሩን!» እንዳትሉኝ ነው። የኖርኩት መተማ ቆላ ነው። እዚህ በበጋ ሰው የሚዋኘው በላቡ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙ ሊወስድ እንጂ ሊያስዋኝ አይመጣም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ትራክተር ላይ ተቀምጬ የሰው ማሳ ሳርስ ነው። ዓይኔ ሲደክም ልጆቼ ተማክረው ከመሪው አወረዱኝ። ከዚያ ወዲህ መቀመጡ ተረፈልኝ፣ መሄዱ ቀረብኝ።

አንድ ቀን ገንዳ ውሃ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ከጓደኛዬ ጋር ተቀምጠናል። ጓደኛዬ ባለሱቅ ነው። እሱ ሙስሊም እኔ ክርስቲያን፤ ጾማችን ይለያያል እንጂ ወሬያችን ተለያይቶ አያውቅም። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ የፈረንጅ ጎረምሳ ታየ። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በቀበቶ ታስሯል፣ ጀልባ በገመድ ይጎትተዋል። ወንበሩ የቆመው አንዲት ጣውላ ላይ ነው። ከጣውላዋ ሥር አንድ ዘንግ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ከዘንጉ ጫፍ እንደ አሞራ የተዘረጋ የብረት ክንፍ አለ። ጀልባው ሲፈጥን ክንፉ ብቻ ውሃ ውስጥ ቀረና ጣውላው፣ ወንበሩና ሰውየው ብድግ ብለው አየር ላይ ሆኑ። ውሃውን ሳይነኩት! ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

«ወላሂ ይሄ ሰውዬ እየበረረ ነው» አለ ጓደኛዬ።

«ቁጭ ብሎ?»

«ቁጭ ብሎ።»

«እንግዲህ ቁጭ ማለትማ የኔ ሙያ ነው» አልኩ።

የጎድን አጥንቴን የሰበረችው ይህች ቃል ናት።

አማቼ፣ የታላቋ ልጄ ባል፣ በያጅ ነው። የማረሻና የተሳቢ ብረት ሲጠግን ይውላል። ያየሁትን ስነግረው ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ከጆሮው ላይ ጠመኔውን አወጣና «የክንፉ ስፋት ምን ያህል ነው?» አለኝ። የደነገጥኩት ያኔ ነው፤ አንድ እብድ ምንም አይደል፣ ሁለት ሲሆን ሥራ ይጀመራል። ወንበሩን ከሞተው ትራክተሬ ላይ ፈታው። ቂጤና ያ ወንበር የቆየ ትውውቅ ነበራቸው። ክንፉን ካሮጌ በርሜል ቆረጠው፤ በርሜል ከተፈጥሮው ጎበጥ ያለ ነው፣ የአሞራ ክንፍም እንደዚያው። ጣውላው እንዳይሰጥም ብሎ ግራና ቀኙን ቢጫ ጄሪካን አሰረለት።

ግቢያችን ውስጥ ሠርቶ ሲያቆመው ወጥቼ ተቀመጥኩበትና ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት፣ ወደኋላ እያልኩ ልምምድ ጀመርኩ። ባለቤቴ ከጓሮ ብቅ አለች። ብዙ ቆማ አየችኝ።

«ሰው ሲሸመግል ወደ መሬት ይጠጋል» አለች። «አንቱ ወደ ላይ ይላሉ?»

«ከመሬቱ በፊት አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው።»

«ውሃ መሆኑን ሰምቻለሁ። ዋና የማይችሉ ሰውዬ ውሃ ላይ ምን አላቸው?»

«እኔ ውሃውን አልነካውም እኮ! በላዩ ነው የማልፈው።»

መልሴ ለኔም ጥሩ መስሎ ታየኝ።

ውሃውን ያገኘነው ከመንገድ ሠሪዎች ነው። ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ዳር የመንገድ መደልደያ ገረጋንቲ ሲያወጡ ረጅም ቀጥ ያለ ጉድጓድ ትተው ሄደዋል፤ ክረምቱ ሞልቶት ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል። ከጉድጓዱ ጫፍ ወደ እርሻዎቹ የሚወስድ ጥርጊያ መንገድ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ጀልባ አላስፈለገንም። የጓደኛዬ ፒክአፕ ጥርጊያው ላይ ሆኖ በረጅም ገመድ ይጎትታል፣ እኔ ከኋላው ጉድጓዱን ይዤ እመጣለሁ። ፒክአፑን አማቼ ይነዳል። ጓደኛዬ ሆዱ ከወንበሩ ይተርፋል። ቀላሉ እኔ ሆንኩ።

«ደግሞም» አለ ጓደኛዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ቢሞትም ያለ ዕድሜው ተቀጨ አይባል።»

መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው፤ ሰሊጥ መታጨድ ጀምሯል። ጎጃም በኩል የመጡ አጫጆች ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ሲያልፉ አዩንና ጉድጓዱ ዳር ተኮለኮሉ። አንድ ሽማግሌ ነጭ ጀላቢያ ለብሶ ውሃ ላይ በተንሳፈፈ የትራክተር ወንበር ሲቀመጥ እነሱም ባገራቸው ያዩ አይመስለኝም።

ቀበቶ አልነበረንም። ግን ቀበቶ ለምኔ? ጎረቤታችን ጭነት አሳሪ ነው። የሰሊጥ ኩንታል መኪና ላይ ሲደረደር ገመዱን የሚያስረው እሱ ነው፤ ሹፌሮች እሱ ያሰረውን ጭነት እስከ ጎንደር ዞር ብለው አያዩትም። እኔ እንዳልወድቅ ተጨንቆ በራሱ ፈቃድ መጣ። ወገቤን አሰረ፣ ጭኔን አሰረ፣ ቁርጭምጭሚቴን ከዘንጉ ራስ ጋር አሰረ። ከዚያ እግሩን የወንበሩ ጠርዝ ላይ ተክሎ ገመዱን ሲጠመዝዘው ቁርሴ ወደ ጉሮሮዬ መጣ።

«ልጄ፣ ትንሽ ላላ አድርገው።»

«ኩንታልም እንደዚሁ ይላል፣ አባቴ» አለኝ። «እኔ ያሰርኩት ወድቆ አያውቅም።»

እውነቱን ነው፣ ወድቆ አያውቅም። እዚህ አገር የምናውቀው ከመኪና ላይ የሚወድቅ ጭነት ነው፤ ስለዚህ ሁላችንም ያሰብነው ስለመውደቅ ነው። አማቼ ቋጠሮዎቹን ነካ ነካ አድርጎ «ጎበዝ!» አለ። እኔም ጎበዝ አልኩ። ከወንበሩ ጋር አብሬ ብገለበጥስ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ፒክአፑ ተነሣ። ገመዱ ተወጠረና አንገቴ ወደኋላ ተወረወረ፣ ያ የጉድጓድ ውሃ በአፌ፣ ባፍንጫዬ፣ በጀላቢያዬ እጅጌ ገባ። ጣውላው እንደ ደነበረ በሬ ግራ ቀኝ ይላል። «አቁሙ!» ልል አፌን ስከፍት ተጨማሪ ውሃ ጠጣሁ። ድንገት ሁሉም ጸጥ አለ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ትራክተር እንደ ወንፊት ነው፤ አንጀትህን፣ ጥርስህን፣ ሐሳብህን ያንገዋልልሃል። እኔ እየሄድኩ ያልተንቀጠቀጥኩበት ቀን አልነበረኝም። አሁን ያው ወንበር ከሥሬ አለ፣ ዳርና ዳሩ ወደኋላ ይሮጣል፣ እኔ ግን የአባወራ ምንጣፍ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ረግቻለሁ። ከጣውላው ሥር አየር አለ! የአጫጆቹ ፊት ሲያልፍ አየሁት፤ ሁሉም አፋቸውን ከፍተዋል። የሆነ ሰው እንደ ጎረምሳ ይስቃል። ማን ነው ብዬ ሳዳምጥ ለካ እኔው ነኝ። ደነገጥኩ። እንደዚያ የምስቅ መሆኔን ረስቼው ነበር።

ወደኋላ ጋደል ሲሉ ከፍ ይላል። ከፍ አልኩ። ደግሜ ጋደል አልኩ። ሰው ከፍታ ሲቀምስ ልክ አያውቅም፤ ለሦስተኛ ጊዜ ጋደል ስል ክንፉ ከውሃው ወጣ። ከውሃ የወጣ ክንፍ ደግሞ የበርሜል ቁራጭ ነው። መጀመሪያ የጣውላው አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀና አለ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር በጎኑ ወደቀ። ውሃ ለስላሳ ነው ያለ ማን ነው? እንደ ሲሚንቶ ነው የተቀበለኝ። ጎኔ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ፣ ቀጥሎ ሰማዩ ከላይ ወደ ታች ተዛወረ።

ወንበሩ ከነእኔ ተገለበጠ። እንዳይሰጥም ብለን ያሰርናቸው ጄሪካኖች ሥራቸውን አልረሱም፤ ጣውላውን ከላይ አንሳፍፈው ያዙት፣ እኔን ከሥሩ ቁልቁል አንጠልጥለው። ጨለማ ነው። ጆሮዬ ይጮኻል። እጄ ወገቤ ላይ ያለውን ቋጠሮ አገኘው። ጎተትኩት፤ ገመድ ውሃ ሲጠጣ ይጠብቃል፣ የጎረቤቴ ቋጠሮ ደግሞ ሲጎትቱት ይብሳል። እንደ ክርስቲያን ልጸልይ ይገባኝ ነበር። ልቤ ግን የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይሄ ጭነት እስከ ጎንደር አይፈታም፣ ይሄ ጭነት እስከ ጎንደር አይፈታም። ከዚያ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ አፌ ሳላዘው ተከፈተ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ከላይ የነበሩት ናቸው። አማቼ ፒክአፑን ወዲያው አቆመ። መጀመሪያ የዘለለው ያው ጭነት አሳሪ ነው። ሥር ገብቶ ቋጠሮውን በጣቱ ሞከረው፣ በጥርሱ ሞከረው፣ የገዛ ቋጠሮው እምቢ አለው። ብቅ ብሎ «አልፈታ አለኝ!» ብሎ ጮኸ። ከአጫጆቹ አንዱ ማጭዱን እንደያዘ ዘሎ ገባና ወደ ገመዱ ሲሰነዝር፣ ይሄ ጎረቤቴ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ገመዱን እንዳትቆርጠው!»

ዘወትር መኪና ሥር ቆሞ የሚላት ቃል ናት፤ ድንጋጤ ሲይዘው አፉ ያገኛት እሷን ነው። ራሱም ሰምቶ ክው አለ። ወዲያው ማጭዱን ከልጁ እጅ ነጥቆ ሰጠመና ያገኘውን ሁሉ ገዘገዘ፤ ወገቤን፣ ቁርጭምጭሚቴን፣ የጭኔን ገመድ። የጭኔን ገመድ ሲቆርጥ ጭኔንም ጨመረው።

ዳር ላይ በደረቴ ተደፍቼ ውሃ ስተፋ መጀመሪያ የሰማሁት የዚያን አጫጅ ድምፅ ነው።

«ኧረ በስመ አብ! ሽማግሌውን አጨድናቸው!»

ልስቅ ስል ጎኔ ወጋኝ። ጓደኛዬ ጥምጣሙን ፈትቶ ጭኔን ጠመጠመልኝ፤ ስለ ዕድሜዬ የቀለደው ሰውዬ አሁን ስሜን ደጋግሞ ከመጥራት ሌላ ቋንቋ ጠፍቶታል። አማቼ ፒክአፑን በሩን ሳይዘጋ ወደኋላ አመጣውና ጫኑኝ። ያለ ገመድ።

ጤና ጣቢያ ጭኔን የሰፋችልኝ ልጅ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ጠየቀችኝ።

«አባቴ፣ ምን መታዎት?»

«ወንበር።»

«ከወንበር ወደቁ?»

«ኧረ አልወደቅኩም የኔ ልጅ። መውደቅማ በታደልኩ!»

ቅዠት የጀመረኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰችው። አማቼ ነገሩን ሲያስረዳት መርፌዋ አየር ላይ ቆመ። «ያልታሰሩ ቢሆኑ ውሃ ጠጥተው በጄሪካኑ ተንጠልጥለው ይወጡ ነበር» አለች። እኔ፣ አማቼና ጓደኛዬ የክፍሉን ወለል እናይ ጀመር። ያን ያህል ቀላል ነገር ነበር።

ጭነት አሳሪው ሊጠይቀኝ መጥቶ በር ላይ ቆመ፣ አልገባም።

«አህያ ስናስር እንኳ» አለ፣ «አንድ ጫፍ እናስተርፋለን። ገደል ብትገባ ስቦ መፍቻ። አንድ ጊዜ ሳብ ነው እኮ! ለእርስዎ እንዴት አላሰብኩም?»

«ከአህያ አሳንሰኸኝ ነዋ!»

ይስቃል ብዬ ነበር። ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ባለቤቴ እጁን ይዛ አስገባችውና ከአልጋዬ እግር አጠገብ አስቀመጠችው።

ሰንበትበት ብዬ አልጋዬ ላይ መቀመጥ ስጀምር ጓደኛዬ ስልኩን ይዞ መጣ። ለካ ያን ዕለት ዳር ቆሞ ሲቀርጸኝ ኖሯል። «ማየት ባትፈልግ ይገባኛል» አለ። እንዴት አልፈልግም! ለመጣ ለሄደው ሁሉ ከፒክአፕ ጣሪያ በላይ እንደበረርኩ ሳወራ ነው የሰነበትኩት፤ ማስረጃ መጣልኝ ብዬ ባለቤቴን ጠራኋት። ጎኔ ተቀመጠች።

ጀላቢያዬ ተነፍቶ፣ አፌን ከፍቼ፣ እየመጣሁ ነው። ተነሣሁ። ከፍ አልኩ። ቁመቱን ሳይ ዓይኔን ጠረግኩ። ጉልበት አይደርስም! ዶሮ ከዚያ በላይ ትዘላለች።

«ይሄ ነው?» አለች ባለቤቴ።

«ይሄ ነው» አልኩ፤ ከአጥንቴ ይልቅ ይሄኛው ስብራት አመመኝ።

ቀጥሎ ተገለበጥኩ። ስልኩ መቅረጹን አላቆመም፤ የያዘው ሰው ደንግጦ ደርቋል። ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከፊቴ አልሄደም። ውሃው ረግቷል፣ ሁለቱ ቢጫ ጄሪካኖች በፀሐይ እያበሩ ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ፣ የሚያምር ነገር ነው፤ እኔ ግን የለሁም። የሚጮህ ሰው አለ፣ የሚሮጥ አለ፣ ጎረቤቴ ገብቶ ይወጣል፣ ዳግም ገብቶ ይወጣል፣ እኔ የለሁም። አሁንም የለሁም። እዚያ ውስጥ ሆኜ አጭር የመሰለኝ ነገር ከውጭ ሲታይ ማለቂያ የለውም። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ነበር፤ መቼ እንደያዘችኝ አላውቅም። የጣቶቿ ጥፍር ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል።

ድንገት ከስልኩ ዞር ብላ ፊቴን አየችና ጀርባዬን በመዳፏ መታችኝ።

«ይተንፍሱ እንጂ ሰውዬ!»