የእናቴ እሾሃም ዛፍ

ባለፈው እሑድ ልጄ ለግቢ ጌጥ ይሆናል ብላ ገዝታ ያመጣችውን ችግኝ ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ጣቴን ወጋኝ። ደሜን እየመጠጥሁ ቅጠሉን አየሁት፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተደረደረ፣ በየመገጣጠሚያው ሁለት ሁለት እሾህ ያበቀለ። ኧረ እኔ አንተን አውቅሃለሁ! ከዚያ ወዲያ ልጄ ምን እንዳወራች አልሰማሁም፤ ልቤ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር፣ እናቴ ግቢ ገብቶ ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው። አባቴ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር። እናቴ የደሴ ልጅ ነች፤ ባሕር ዳርን እንደ እንግዳ ማረፊያ እያየች፣ አልጋ ሥር ያለውን ሻንጣዋን ሳትፈታ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር "ዘንድሮ እንዛወራለን" ትል ነበር። ሙቀቱ አልተስማማኝም፣ ትንኙ ፈጀኝ፣ ዓሣው ሰለቸኝ፣ እናቴ ደሴ ብቻዋን ናት፤ ይህ የዘወትር ጸሎቷ ነበር። እኔ ግን ከጣና ዳር መለየትን ፈጽሞ አልፈልግም ነበር። አንድ ቀን አባቴ አንድ ራሺያዊ መምህር የሰጠውን ችግኝ ይዞ መጣና መስኮቱ ፊት ተከለው። "እንግዲህ ዛፍ የተከለ ሰው ወዴት ይሄዳል?" ብሎ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

ዛፉ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ግራር ነው እንዳንል፣ አድጎ ነጭ አበባውን እንደ ወይን ዘለላ አንጠልጥሎ ሰፈሩን በመዓዛ ያውደዋል፤ ጌጥ ነው እንዳንል፣ የተሰጣ አንሶላ ይቦጭቃል፣ ኳሳችንን ያፈነዳል፣ ክረምት ላይ የሐይቁ ነፋስ ሲመታው ቅርንጫፉ ጧ ብሎ እየተገነጠለ ቆርቆሮ ላይ ይወድቃል። ከሁሉ የባሰው ሥሩ ነው። ከመሬት በታች ሹልክ እያለ ዛሬ ከቲማቲሙ መደብ፣ ነገ ከማድ ቤቱ ደጃፍ፣ ከዚያም አጥር ተሻግሮ ከጣናው ደሴት ከደቅ የመጡት ጎረቤታችን እማሆይ ጓሮ አዲስ ቡቃያ ሆኖ ብቅ ይላል።

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ በገጀራ ትዘምትበታለች። አንዱን ስትቆርጥ ሦስት ይበቅላል። እማሆይ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ "አንቺ ልጅ፣ ተይው አላልሁሽም? በቆረጥሽው ቁጥር ይብስበታል እኮ!" ይሏታል። "እሺ እማሆይ" ብላ ትስቅና በሚቀጥለው ቅዳሜ ገጀራዋን ስላ ትወጣለች። ግራ ይገባኝ ነበር። እናቴ አምና ያዋሰችው ወንፊት ማን ቤት እንዳለ የማትረሳ ሴት ነበረች፤ ይህን እንዴት ትረሳለች?

አንድ ቀን አባቴ ለምሳ ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል። እናቴ ስትወተውተው ያመለከተው የደሴ ዝውውር ተፈቅዷል። እኔ ጉርሻዬን እንደያዝሁ ለቅሶዬን ለቀቅሁት። እልል ትላለች ብለን ስንጠብቅ እናቴ ተነሥታ ጓሮ ወጣች፤ ተከተልናት። ቡቃያዎቹ መሐል ቆማ ዙሪያዋን ስታይ ቆየችና፣ "ይህን ጫካ ጥዬ ብሄድ ሰው ምን ይለኛል? ሳላጠፋው አልሄድም" አለች።

ዝውውሩ ለሌላ ሰው ሆነ። ሻንጣው ግን አልተፈታም፤ "ዘንድሮ እንዛወራለን" ማለቷም አልቀረም። አያቴ ደሴ ላይ ሲሞቱ እናቴ የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነበር። አልቅሳ ተመለሰች፤ ቅዳሜ ሲሆን ከነጥቁር ልብሷ ገጀራዋን አነሣች።

አሁን እናቴ የለችም፤ ሙቀቱ አልተስማማኝም ስትልበት በኖረችው በባሕር ዳር ተቀብራለች። ቤቱም ለመንገድ ፈረሰ። አምና ሄጄ አንዲት ቡቃያ ብፈልግ፣ ያ እምቢ ባይ ሥር ከአስፋልቱ በታች ጸጥ ብሏል። እናቴ ባሕር ዳር የቀረችው እኔ ስላለቀስሁ ነው? ለአባቴ ብላ ነው? ወይስ ሐይቁን ሳታውቀው ለምዳው፣ ደሴን የሚናፍቀው አፏ ብቻ ነበር? አንድ ቅዳሜ ገጀራውን ተቀብያት ብጠይቃት ምን ነበረበት! ያንገበግበኛል።

ልጄ ችግኙን እንደታቀፈች ቆማለች። ሻጩ፣ ከሥሩ የሚወጣውን አትቁረጡ፣ ይበዛባችኋል ብሎ አስጠንቅቋታል።

"እማዬ፣ እንዲበዛልን ከፈለግን እንቆርጠዋለን ማለት ነው?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ" አልኋት። "የምታውቀው አያትሽ ነበረች።"