ጥሬ ብሳና

በ2017 ዓ.ም. በልግ ነው፤ ዐቢይ ጾም ተጋምሶ ነበር። ዝናቡ ጥቂት ጥሎ ተወን። ያም ሆኖ ከሰቆጣ ዳር ባለው መንደራችን ብሳናዎቹ እንቡጥ አወጡ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከከረመው ድርቅ በኋላ ያንንም አልጠበቅነውም።

ከብሳና እንቡጥ ቅባት እሠራለሁ። ለጭርትና ለላሽ ነው። ባለቤቴ የቅኔ መምህር ነው፤ ተማሪዎቹ ከየአገሩ ራሳቸውን ላሽ በልቶት ይመጣሉ። የሠራሁት ቅባት ወር አይሞላም።

ሙያውን የሰጡኝ አማቴ ናቸው፤ ታመው እሞታለሁ ባሉ ጊዜ ነው፤ ኋላ ግን ዳኑ። ሲሰጡኝ አስምለውኛል። እንቡጡ ረቡዕ ወይም ዓርብ ይቆረጣል፤ አፍ ሳይከፈት፣ ሰው ሳያይ። አሠራሩ ለማንም አይነገርም፤ የተነገረ መድኃኒት ይረክሳል። ለአንዲት ሴት ብቻ ይተላለፋል፤ እሱም ሞት ሲቃረብ። ሠላሳ ዓመት ጠበቅሁት። ሃይማኖት መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቴ ልጇን አዝላ መጣች። አጥር ለአጥር ነን፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ባለፈው ዓመት ታምሜ ስተኛ አርባ ቀን ውኃ የቀዳችልኝ እሷ ናት። ባሏ ለሥራ ኒሯቅ ወርዶ ነበር።

«እትዬ፣ ይችን ልጅ እያት እስኪ።»

ልጅቷ አራት ዓመቷ ነው። ጉንጯ ላይ ጭርት ወጥቷል። ጠርዙ ከዐይኗ ሥር ሊደርስ ጣት አይሞላም።

«ቅባቱ አልቋል» አልሁ። «ረቡዕ እቆርጣለሁ። ዓርብ ትወስጃለሽ።»

«እስከ ዓርብ ዐይኗ ውስጥ ይገባል። ንገሪኝና እኔው ልሥራው። ዛፉ እንደሆነ ከእኔም አጥር ሥር አለ።»

«አይነገርም።»

«የቤተ መንግሥት ምስጢር ነው እንዴ?»

«አይነገርም አልሁሽ።»

«ለመቃብርሽ ስንቅ ልታደርጊው ነው በይኛ!» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ተቀየምሁ እንጂ። መድኃኒት ላይ ቀለደች ብዬ ሁለት ቀን በደጇ ሳልፍ ሰላምታዬን አሳጠርሁ።

ሰኞ ጠዋት ከኪዳን ስመለስ የልጅቷን ጩኸት ሰማሁ። የሕፃን ልቅሶ ዐይነቱን እናት ታውቀዋለች፤ ያ የእልህ አልነበረም። ነጠላዬን ሳላስተካክል ገባሁ። ልጅቷ መሬት ላይ ትንፈራገጣለች። ጉንጯ ቀልቶ አብጧል፤ የዐይኗ ቆብ ገጥሟል። እናቷ ሁለት እጇን ይዛባታለች፣ እንዳትቧጥጠው። አጠገባቸው ሙቀጫ አለ። ውስጡ የተወቀጠ እንቡጥ።

«ምን አደረግሽ?» አልሁ። ጮኼ ነው ያልሁት።

«አንቺ የምታደርጊውን!»

«ሳትቀቅዪው?»

«መቀቀሉን ማን ነገረኝ? ስትቆርጪ አይቻለሁ፣ ስትወቅጪ ሰምቻለሁ። ከዚያ በሩን ትዘጊያለሽ።»

«ዘይቱስ? ባዶውን ይቀባል እንዴ?»

ወደ ሙቀጫው አየች። «የሚያብረቀርቀው ቅቤ መሰለኝ» አለች። «በሁዳዴ ልጄን ቅቤ ልቀባ? ጾሙ እስኪፈታ ያለ ቅቤ ይሁን አልሁ።»

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። መጀመሪያ በእሷ ላይ ነበር። የማያውቁትን ነገር ከሕፃን ፊት ላይ! ያልነገርኋት ግን እኔ ነኝ። የብሳና ወተት ጥሬውን ያቃጥላል። ስለዚህ እንቡጡ ተቀቅሎ የመጀመሪያው ውኃ ይደፋል፤ ጥላ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ ከአበርገሌ በሚመጣ የሰሊጥ ዘይት በዝግታ እሳት ይበስላል፤ ተጠልሎ ሰም ይገባበታል። ቅቤ የሚባል ነገር የለውም። ይህን ያህል ነው። ሠላሳ ዓመት የማልሁበት ነገር በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ ያልቃል።

የልጅቷን ፊት በውኃ አጠብነው፤ ደጋግመን። ከዚያ እኔው አዘልኋት። ጤና ጣቢያው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እናቷ ከኋላዬ እየሮጠች «ዐይኗን፣ እመቤቴ፣ ዐይኗን ብቻ» ትላለች። እኔም ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም፤ ያንኑ አልሁ።

ነርሷ ልጅ እግር ናት፤ ምሬቷ ግን የአሮጊት ነው። ቆቡን ለመግለጥ እየሞከረች፣ «ምንድን ነው የቀባችኋት?» አለች።

ነጠላዬን ማስተካከል ያዝሁ።

«እናንተን ነው! ምኑን ሳላውቅ ምን ላድርግ? ቅጠል ነው? ሥር ነው?»

ጎረቤቴ ወደ እኔ ተመለከተች። ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። ፈቃዴን እየጠበቀች ነው። የልጇ ዐይን ተጨፍኖ፣ የእኔን ምስጢር ላለማውጣት አፏን ይዛለች። ያች ምላሰኛ!

«ብሳና ነው» አልሁ። «እንቡጡ። ጥሬውን ነው የተቀባችው።»

«እና ይህን ለመናገር ይኼን ያህል ሰዓት?» አለች ነርሷ።

ልጅቷን በጉልኮስ አጠበቻት፣ አሁንም አጠበቻት፤ ቅባትና ጠብታ ሰጠችን። ዕብጠቱ ካልጎደለ ዐይኑን ገልጦ ማየት እንደማይቻል፣ በማግስቱ እንድንመለስ ነገረችን። «ነገ ካልተገለጠ ወደ ሆስፒታል ነው» አለች።

ያን ቀን ጎረቤቴ ቤት ዋልሁ። አልተወቃቀስንም። ልጅቷ ከእንቅልፏ ስትባንን እጇን የምንይዘው በየተራ ነው። መንደሩ ግን ወሬውን ጨርሶት ነበር። ለጥየቃ የመጣች አንዲት ሴት ደጅ ቆማ፣ «የሰው መድኃኒት ሰርቃ ነው አሉ፤ መድኃኒቱ ቀጣት» ስትል ሰማኋት። ድምፅዋን ዝቅ እንኳ አላደረገችም። ጎረቤቴ አንገቷን ደፋች። እውነት መስሏት ነው የደፋችው። ይህ ከሁሉ ይልቅ አንገበገበኝ።

ማክሰኞ ተመልሰን ሄድን። ዕብጠቱ ጎድሏል። ነርሷ ቆቡን ቀስ ብላ ገልጣ በባትሪ አየች። ልጅቷን «ይኼ ስንት ነው?» ብላ ጣቷን አሳየቻት።

«ጣት ነው» አለች ልጅቷ።

ነርሷ ሳቀች። ወተቱ ወደ ብሌኑ አልገባም፤ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ሊቀር ይችላል አለች። ጎረቤቴ መሬቱን ሳመች። እኔም ሳምሁ። አምላኬን ስለዚያች ዐይን ዛሬም አመሰግናለሁ።

ምስጋናው ግን ንዴቴን አላበረደውም። ቤት ስደርስ አማቴ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ዳነች?» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዐይኗ ተርፏል።»

«የሰረቁት መድኃኒት እንዲህ ነው። ከእንግዲህ ትማራለች።»

ሠላሳ ዓመት መልሼላቸው አላውቅም። ያን ቀን መለስሁ።

«እማ፣ ልጅቷን ያቃጠላት ብሳናው ነው። ስርቆት አያቃጥልም።»

«እንዴት ትናገሪኛለሽ?»

«ብነግራት ኖሮ ትቀቅለው ነበር። እርስዎም ያውቃሉ። ጥሬው እንደሚያቃጥል ሲነግሩኝ ክንድዎን አሳይተውኝ የለ? ያ ጠባሳ የስርቆት ነው?»

ክንዳቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ስሕተቴን ያወቅሁት ተናግሬ ከጨረስሁ በኋላ ነው፤ አሮጊት ሰው ማሳፈር ነውር ነው። ግን አልተመለስሁም።

«ምላስሽ ዛሬ ረዘመ» አሉ።

«አጥፌው ኖሬ ነው።»

«ካወጣሽው ይረክሳል። ማንንም አያድንም።»

«የሚያድነው እግዚአብሔር ነው ብለው አላስተማሩኝም? እሱ ሰው ሲሰማ ይረክሳል?»

በኽምጣንጋ አንድ ነገር ብለው ዞሩ። ሲቆጡ በልጅነት ቋንቋቸው ነው። ምን እንዳሉኝ ባውቅም አልጽፈውም። ባለቤቴ ከውስጥ ሰምቶ ወጣ። እናቱንም እኔንም አየ። «መሐላ ፈርሷል» አልሁት። «ኃጢአቴን ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። መድኃኒቱን ግን ለሰው እናገራለሁ።» ራሱን ነቀነቀና ወደ ተማሪዎቹ ሄደ። አልከለከለኝም፤ እግዜር ይስጠው።

በማግስቱ ጠዋት የጎረቤቴን በር መታሁ። ልጅቷን አዝላ ወጣች፤ አብረን ከአጥሯ ሥር ካለው ብሳና እንቡጥ ቆረጥን። ከዚያ ጉልቻዬን ከቤት አውጥቼ ከደጅ፣ መንገዱ ዳር ጎለትሁ። ውኃ ቀድተው የሚመለሱትን ሴቶች አስቆምኋቸው። ስድስት ሆኑ። ውኃው ሲፈላ እንቡጡን ጨመርሁና፣ «ይህን ውኃ ትደፉታላችሁ፤ ልጅም ዶሮም ከማይደርስበት» አልኋቸው።