የጋሼ ደምሴ ፒካፕ አልነሳ ያለች ዕለት

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ ሹፌር መኪናውን አስጎትቶ ጋራዤ መጣ። «ስካነሩ ምንም አላነብ አለ፤ ኮምፒውተሩ ሳይቃጠል አልቀረም» አለኝ። መብራት ያልደረሰው ኮምፒውተር ሕመሙን በምን አፉ ይናገር? «ቆይ እንጂ፣ ሳይሞት አትቅበረው» አልኩት። የገመድ መሞከሪያ አምፖሌን ከመሳቢያ ሳወጣ ግን የእህቴ የሰዓዳ ነገር መጣብኝ።

ያኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። መስከረም ነበር፤ ከመካነ ሰላም በላይ ባለው መንደራችን የባቄላ እሸት ይጠበሳል፣ መንገዱ ግን የክረምቱን ጭቃ አልጨረሰም። እሸት ነፍሴ ነው፤ የዚያን ዕለቱን ግን ሳልቀምሰው ቀረሁ። ሰዓዳ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ አድራ ደክማለች። የመንደሩ መኪና የጋሼ ደምሴ ፒካፕ ብቻ ነበረች። ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ልንወስዳት ሰዓዳን ጭነን ቁልፉ ሲዞር ማስነሻው ሞተሪኖ ይሽከረከራል፣ ዋናው ሞተር ግን አይነሳም።

የቅሬው፣ የመንደራችን ዕድር፣ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። የቅሬው አባት አባ ይማም ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ መኪናዋ ትነሳለች ወይስ ሰዓዳን እንሸከማት? እውነቱን ንገሪን» አሉኝ።

«አላውቅም አባ።» እንደዚያ የመረረኝ ቃል የለም።

«እንግዲያው ቢስሚላህ በሉ፣ አንሱ! ደምሴ፣ ከተነሳች ድረሱብን።»

ሰዓዳ እጄን ለቀቀች። እናቴ ከቃሬዛው ኋላ ተከተለች፤ የሰዓዳ ጩኸት ቁልቁል ራቀ።

ወደ መኪናዋ ኮምፒውተር የሚገባውን የመብራት ገመድ በቴስተር ለካሁ፤ ዐሥራ ሁለት ቮልት፣ ሙሉ። ፊውዙ ደህና፣ ኔጌቲቩም ደህና። ኮምፒውተሩ ሞቷል ልል ምንም አልቀረኝ። ግን ቴስተር ቮልቱን ያያል እንጂ ኃይል ስቦ ገመዱን ሥራ አያሠራውም፤ የሚያሠራው አምፖል ነው። የፍሬቻ አምፖል ነቅዬ በዚያው ገመድ ላይ አገናኘሁ። ጭል ጭል አለ እንጂ አልበራም። ገመዱ መሐል ላይ ታሟል።

«ጋሼ፣ ይህን ገመድ የነካው ሰው አለ?»

ጋሼ ደምሴ ራሳቸውን ያዙ። «ወይኔ፣ ለመውሊድ! መንዙማው እንዲሰማ ሞንታርቦ ሰቅዬ መብራቱን ከዚያ ቀጥዬ ነበር። ስፈታው በፕላስተር ጠቀለልኩት።» መስቀል በአንገታቸው ያለው ጋሼ ደምሴ፣ መውሊድ ሲመጣ ከሙስሊሙ ቀድመው የሚሯሯጡ ሰው ነበሩ።

ፕላስተሩን ስገልጠው ክረምቱ ገብቶበት መዳቡ አረንጓዴ ዝጓል፤ የያዙት ጥቂት ክሮች ናቸው። የዛገውን ቆርጬ፣ ጤነኛውን በጥርሴ ልጬ፣ አጥብቄ ጠመዘዝኩት። ሞተሩ ተነሳ።

ቁልቁል በረርን። መታጠፊያውን ስናልፍ ቃሬዛው መሬት ላይ ነው። ወንዶቹ ለቃሬዛው ጀርባቸውን ሰጥተው ዙሪያውን ቆመዋል፤ ጋቢያቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሞታ ጋረዷት ብዬ መኪናዋ ሳትቆም ዘለልኩ።

አባ ይማም ሳይዞሩ እጃቸውን አነሱ። «ቀስ በይ ልጄ። በሰላም ወልዳለች። ደሙ ግን አልቆም ብሏል፤ ቶሎ አንሷት።»

መካነ ሰላም ስንደርስ ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ቀሪውን ዋጠው።

የጎረምሳው መኪናም ተነሳችለት፤ አመስግኖኝ ሄደ። ለሰዓዳ መትረፍም ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው እኔን ነው፤ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። እሷ ግን ቃሬዛዋን ከተሸከሙት ሰዎች አንዱ ባረፈ ቁጥር፣ የትም ይሁን የት፣ ለቅሶ ሳትደርስ አትቀርም። ባለፈው ወር አባ ይማም አርፈው አብረን ሄድን። እንባዋን እየጠረገች የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እንደዚያ እየጮህኩ ስወልድ፣ አንዳቸውም ዞረው አላዩኝም።»